የእማዬን የስልክ ድምፅ የመለሰልን ጠባብ ሱቅ

እማዬ ማን እንደደወለላት በዓይኗ መለየት ካቆመች ስድስት ዓመት ሆናት። የዓይን ግፊት ነው። ስልኳ ሲጮህ ግን ገና ሳታነሳው ስማችንን ትጠራለች። እኔ ስደውል ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው የደወል ድምፅ ይሰማል። አዳማ ያለው ወንድሜ ሲደውል በትዝታ ቅኝት የተሠራች አጭር ዜማ ትመጣለች። ጂዳ ያለችው እህቴ ስትደውል ደግሞ የልጇ ድምፅ ነው። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ሳለ የተቀዳ ነው፤ «እማማ ስልክ! እማማ አንሺው!» ይላል። የቀረው ሰው ሁሉ በአንድ ተራ ድምፅ ይገባል። እሱን እማዬ ብዙ ጊዜ አታነሳውም።

ቀፎው ኖኪያ 6230 ነው። በፈረንጆቹ 2004 የወጣ ነው። ቁልፎቹን በአውራ ጣቷ ታውቃቸዋለች። ዘመናዊ ስልክ ሁለት ጊዜ ገዝተንላት ሁለቱንም መልሳልናለች። «መስታወት ምኑ ይዳሰሳል?» ነው የምትለው። ልክ ናት።

ባለፈው መስከረም ስልኩ መጮህ አቆመ። መደወል ይደውላል፤ ስታወራበትም ይሰማል። ጥሪ ሲመጣ ግን ጭጭ። መጀመሪያ የወሰድኩት ለቢሮዬ ቅርብ ወደሆነ አንድ ሱቅ ነበር። ልጁ አየት አደረገውና «ሶፍትዌር ነው» አለኝ። ሳይጠይቀኝ ፍላሽ አደረገው፤ ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነበት ማለት ነው። ድምፁ አልመጣም። ስልኩ ውስጥ የነበረው ግን ሁሉም ሄደ። ስሞቹ፣ ዜማዋ፣ የሕፃኗ ድምፅ። ሜሞሪ ካርዱን አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና «ይሄ አሁን አይሠራም፣ የድሮ ነው» ብሎ 400 ብር ተቀበለኝ። በዚያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም።

ወንድሜ ዜማዋን ኢሜይሉ ውስጥ ፈልጎ አገኛት። በ1998 የሠራት ናት። ላከልኝ፤ በእኔ ስማርትፎን ከፈትኩና ለእማዬ አሰማኋት። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ከዚያ «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። ፋይሉ ያው ራሱ ነው። ስሙም መጠኑም አልተለወጠም። እሷ ግን አላወቀችውም። እኔም ደግሜ ስሰማው የሆነ ነገሩ ልክ አልመጣልኝም። ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻልኩም።

የሱቁን ነገር የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ነው። ከድንጋዩ አንበሳ ተነስታችሁ ዞራችሁ ስትገቡ አንድ የቆየ ሕንፃ አለ። ሱቁ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ማስታወቂያ የለውም። ደረጃው ላይ መብራት የለም፤ የስልካችሁን አብሩ። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምበት ዓይነት ነው። ባለቤቱ ድሮ ፒያሳ ነበር። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣው። ዕድሜው ሃምሳ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ በትንንሽ ካርቶን የተደረደሩ የድሮ ቀፎዎች አሉ። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ሞዴሉ በእጅ ተጽፏል።

ስልኩን ሰጠሁት። ገና ሳይከፍተው «የሚያስቸግረው ምኑ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የእማዬን ነገር ስነግረው ሥራውን አቆመና አዳመጠኝ። ከዚያ ወንድሜ የላከልኝን ፋይል እንድልክለት ነገረኝ። ላፕቶፑ ላይ አየው። 7 ኪሎባይት ናት።

«ይህች ሚዲ ናት» አለኝ። «ሚዲ ውስጥ ድምፅ የለም፣ እህቴ። ትእዛዝ ነው ያለው። ይህን ኖታ ጀምር፣ በዚህ ጉልበት ምታው፣ እዚህ ጋ አቁም፣ ይላል። ድምፁን የሚያወጣው ቀፎው ነው።»

ግራ ሲገባኝ ድጓ ላይ ያለውን የዜማ ምልክት አስታወሰኝ። ምልክቱ ያለው ብራናው ላይ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ግን ከመሪጌታው ጉሮሮ ነው። መሪጌታው ሲቀየር ምልክቱ ሳይቀየር ድምፁ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ቢሆንም አሰማኝ። የእማዬ ስልክ ድምፅ ስለሌለው ከካርቶኖቹ ሌላ 6230 አወጣ። አንድ ሶኒ ኤሪክሰን ኬ750 ደግሞ ጨመረ። የእኔን ስማርትፎን ከጎናቸው አስቀመጠ። ያችኑ ፋይል በሦስቱም አጫወተ። በኬ750 ክራር መሳዩ ድምፅ ብረት ብረት አለ። በእኔ ስልክ ለስልሶ እንደ ፒያኖ ሆነ። በ6230ው ሲመጣ ጠጉሬ ቆመ። ይኸው፣ ወንድሜ ሲደውል የምንሰማው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰማነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቀፎ የራሱ የመሣሪያ ድምፆች ክምችት አለው። አንድሮይድ ስልኮች ሶኒቮክስ በሚባል ማጫወቻ የራሳቸውን ይጠቀማሉ። ኖኪያ የራሱ ነበረው። ብዙ የድሮ ሳምሰንጎች ደግሞ የያማሃ ቺፕ ነበራቸው፤ ፋይላቸውም መጨረሻው ኤምኤምኤፍ የሚል ሌላ ዓይነት ነው፤ ኖኪያ ላይ ቢጭኑት አይከፍትም። ስለዚህ «ዜማውን አገኘሁት» ብሎ ደስ ማለት ግማሽ መንገድ ነው። ዜማው የተለመደበት ቀፎም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ወንድሜን በስልክ አስገባነው። ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ግን ግማሽ ሰዓት አወሩ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ወንድሜ በልጅነቱ በኖኪያ 3310 ነው የጀመረው። ያ ስልክ ሞኖፎኒክ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ። ኮምፖዘር የሚባለው የስልኩ ዜማ መሥሪያ ውስጥ ገብቶ 1 ሲነካ ዶ፣ 2 ሲነካ ሬ እያለ እስከ 7 ይሄዳል። በ8 ኖታውን ያሳጥራል፤ በ9 ያስረዝማል። ሠፈር ውስጥ የልጆች ሁሉ ስልክ በእሱ እጅ ያልፍ ነበር። ደብተሩ በቁጥር የተሞላ ነበር። አባዬ ሒሳብ እየሠራ መስሎት ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ ፖሊፎኒክ መጣ። ብዙ ኖታ አንድ ላይ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የወጡት በአንድ ጊዜ 4 ኖታ ብቻ ነበር የሚያሰሙት። እየቆየ 16፣ 24፣ 40፣ 64 ሆነ። ለ24 ኖታ የተሠራ ዜማ 4 ብቻ ወደሚችል ቀፎ ሲገባ ኖታዎች ይዋጣሉ። አንዳንዴ የሚዋጠው ዋናው ዜማ ይሆናል፤ ከበሮው ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ሲባል በፈረንጆቹ 2002 ኤስፒ-ሚዲ የሚባል አሠራር ወጣ። ቦታ ሲጠብ የትኛው መስመር ቀድሞ ዝም እንደሚል ዜማውን የሚሠራው ሰው አስቀድሞ ይወስናል። ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር። የእማዬን ዜማ ሲሠራ ክራሩን ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከበሮውን መጨረሻ አድርጎታል። ይህን እስከዚያ ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

ክራር ማለቴ ክራር አይደለም። ስልኮቹ የሚከተሉት ጄኔራል ሚዲ የሚባለው ስምምነት 128 መሣሪያዎች አሉት። በ1991 በፈረንጆቹ የወጣ ነው። ባንጆ አለው፣ የሕንድ ሲታር አለው፣ የጃፓን ሻሚሰንና ኮቶ አለው፣ ካሊምባ እንኳ አለው። ክራር የለውም። ማሲንቆም ዋሽንትም የለም። ወንድሜ አንድ በአንድ ሞክሮ ለክራር 108ኛውን፣ ኮቶን መረጠ። ለዋሽንት 74ኛውን፣ ፍሉቱን። እማዬ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ክራር ብላ የሰማችው የጃፓን ኮቶ ነው። ስነግራት «ታዲያ ምን ቸገረኝ፣ ልጄ ነው የመታው» አለች።

ባለሙያው አንድ ነገር ጨመረ፤ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። ትዝታ በሚዲ ደህና ይቀመጣል፤ ባቲም እንደዚሁ። አንቺሆዬ ግን ያስቸግራል ይላል። ሚዲ ኖታዎቹን እንደ ፒያኖ ቁልፍ በእኩል ግማሽ ድምፅ ነው የሚቆጥረው። ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ከቁልፉ ጋር አይገጥምም። ሚዲ ውስጥ ኖታን ትንሽ ማጉበጫ ትእዛዝ አለ፤ ግን ሪንግቶን የሚሠራው ሰው ብዙ ጊዜ አይደክምበትም። ድሮ ፒያሳ እያለ ሰዎች በአንቺሆዬ የተሠራ ዜማ አስጭነው በማግስቱ «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» እያሉ ይመለሱ እንደነበር ነገረኝ።

ወደ ሕፃኗ ድምፅ ልምጣ። ያ ሚዲ አይደለም፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። እህቴ በስልኩ መቅጃ ነው የቀዳችው፤ ፋይሉ ኤኤምአር ይባላል። ጠፍቷል ብዬ አልቅሼበታለሁ። ባለሙያው ግን በወረቀት የተጠቀለለውን ካርድ ሲያይ ፈገግ አለ። 32 ሜጋባይት የሆነ ኤምኤምሲ የሚባል የድሮ ሜሞሪ ካርድ ነው። ከተለመደው ኤስዲ ካርድ ይቀጥናል፤ እግሮቹም 7 ብቻ ናቸው፤ ኤስዲ 9 አለው። ሆኖም ትልቁን ኤስዲ በሚቀበል ካርድ ሪደር ውስጥ ይገባል። ከመሳቢያ አንድ የቆየ ሪደር አወጣ፤ ሰካው። «አይሠራም» የተባልኩት ካርድ ተከፈተ። ፎቶዎች መጡ። ከዚያ ከአንዱ ፎልደር ውስጥ 20 ኪሎባይት እንኳ የማይሞላ ፋይል።

12 ሰከንድ ናት። «እማማ ስልክ! እማማ አንሺው!» ከዚያ ሳቅ፤ ከኋላ የእህቴ ድምፅ «በቃ፣ በቃ»። ልጅቷ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሌላ ደንበኛ ሳይቀር ዝም አለ።

እኔ ወዲያው «ወደ ኤምፒ3 ይቀይሩልኝ፣ ጥራት እንዲኖረው» አልኩ። አልተስማማም። ኤኤምአር ለስልክ ንግግር የተሠራ ነው አለኝ። በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ነው ድምፁን የሚለካው፤ ከፍተኛው ፍጥነቱም በሰከንድ 12.2 ኪሎቢት ነው። ሲቀዳ የተጣለው ድምፅ በኋላ ቢቀይሩት አይመለስም። ፋይሉ ይወፍራል እንጂ አይጠራም። እንዲያውም እንደገና ሲጨመቅ ትንሽ ይጎዳል። ስለዚህ እንዳለ ገለበጠው። አንዱን ለስልኩ፣ አንዱን ለእኔ ፍላሽ ዲስክ፣ አንዱን ለእህቴ በቴሌግራም። ሰው ሲናገር ኤኤምአር ደህና ነው፤ ሙዚቃ ሲቀዱበት ግን ሁሉም ነገር ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ይህን ለማሳየት አንድ ክራር ቀድቶ አሰማኝ። እውነት ነው፤ ክሩ ሲነካ የሚሰማው ጫፉ ጠፋ።

በመጠን ደረጃ ልዩነቱን ለማወቅ ያህል፦ የወንድሜ ዜማ 40 ሰከንድ ትሄዳለች፤ 7 ኪሎባይት ናት። ያንኑ 40 ሰከንድ በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ብናደርገው 640 ኪሎባይት ይሆናል። የስልክ ሜሞሪ በኪሎባይት ይቆጠር በነበረበት ዘመን ሁሉም ለምን ወደ ሚዲ እንደሄደ ያኔ ገባኝ።

የጥገናው ነገር አጭር ነው። የስፒከሩ መገናኛ ዝጓል፣ ስፒከሩም ራሱ ሄዷል። ከሌላ ቀፎ አውጥቶ ቀየረው። ባትሪውንም አዲስ ቢኤል-5ሲ አደረገልኝ። በአጠቃላይ 1,250 ብር ከፈልኩ። ከዚህ ውስጥ ለፋይሎቹ ሥራ የጠየቀኝ 200 ብር ብቻ ነው። ለእኔ ትልቁ ሥራ ግን እሱ ነበር።

ከዚያ ደግሞ እኔ በፍጹም የማላውቀው ነገር መጣ። ዜማዎቹን ከጫነ በኋላ ለየሰው ለየብቻ የሚመደበው በደዋይ ቡድን ነው። ቡድን ውስጥ የሚገባው ስልኩ ሜሞሪ ላይ የተቀመጠ ስም ብቻ ነው፤ ሲም ካርድ ላይ ያለ ስም አይገባም። ስልኩ ከተደመሰሰ በኋላ የቀሩት ስሞች ሁሉ ሲም ላይ ያሉ ነበሩ። አንድ በአንድ ወደ ስልኩ ገልብጦ መደበልኝ። ይህን ባያውቅ ኖሮ ዜማው እያለ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንጠራ ነበር። የድሮ ስልክ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። በሦስት ቀን ትወስጃለሽ ተብዬ በዘጠነኛው ቀን ነው የወሰድኩት። በመካከል አምስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያነሳው። እማዬ በዚያ ሁሉ ቀን ያለ ስልክ ነበረች፤ ለብቻዋ ለምትውል ሴት ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው። ደረሰኝ አይሰጥም። ወሬው ደስ ቢልም ከኋላ ለሚጠብቅ ሰው ያደክማል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን የቁልፎቹ ነው። ሳይጠይቀኝ የቁልፍ ሰሌዳውን በአዲስ ቀይሮት ነበር። አስቦልኝ ነው፤ አሮጌው ቁጥሩ ሁሉ ጠፍቷል። እማዬ ግን ቁጥሩን አታይም። 5 ላይ ያለችውን ጉብታ ዳስሳ ነው ከእሷ ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄደው። አዲሱ ፎርጅድ ስለሆነ ጉብታው ከምንም አይቆጠርም። የመጀመሪያ ቀን ለወንድሜ የደወለች መስሏት ለማታውቀው ሰው ደውላ በጣም ደነገጠች። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ተመለስኩ። ባለሙያው አሮጌውን አልጣለውም፤ የስልኩ ሞዴል በተጻፈበት ትንሽ ፖስታ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ወዲያው መለሰልኝ፤ ገንዘብ አልተቀበለኝም። «መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። ይህን የሚል ጠጋኝ ከተማው ውስጥ ብዙ አላጋጠመኝም። ቢሆንም ለማየት የሚቸገር ሰው ስልክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከመተዋችሁ በፊት «ቁልፉን አትንካው» በሉት።

እቤት ስደርስ ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋትና ምንም አልነገርኳትም። ለወንድሜ መልእክት ላክሁለት። እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ዜማዋ ስትጀምር ቢላዋው ቆመ። ሦስት ኖታ እንኳ አልሞላም። «ምነው ሰሞኑን ጠፋህ አንተ!» ብላ ነው ስልኩን ያነሳችው። ማታ እህቴ ደወለች። የሕፃኗ ድምፅ ሲመጣ እማዬ አላነሳችውም። እስከ ሳቁ ድረስ ሰማችው። እህቴ ሁለተኛ ስትደውል ነው ያነሳችው። አሁንም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ታደርጋለች፤ እህቴም ታውቃለች፤ ሁለት ጊዜ ነው የምትደውለው።

ሱቁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ዓርብ ከሰዓት ዝግ ነው። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት ሰው ይበዛል። ሜሞሪ ካርድ ካላችሁ፣ የተበላሸ ቢመስላችሁም፣ ይዛችሁ ሂዱ። ዜማችሁ ያለበት አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ኢሜይል ካለ አስቀድማችሁ ፈልጉት። ቻርጀራችሁንም አትርሱ፤ የድሮው ወፍራም ጫፍ ያለው ሱቁ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፣ እኔ በነበርኩበት ቀን ሦስት ሰው ተራ ይጠብቅበት ነበር።